የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርን ማሻሻል ለምን እንዲህ ያስቸግራል?

ድረ ገጽ መክፈት የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ የተከፈተውን ድረ ገጽ ዐሥራ አምስት ዓመት በሕይወት ማቆየት ግን ፈጽሞ ሌላ ሥራ ነው። በየትምህርት ክፍሉ ይህን ኃላፊነት የተሸከሙ ባልደረቦቻችንን ከሁሉ አብልጦ የሚያማርራቸው ምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው መልሳቸው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ሶፍትዌሩን ማሻሻል። ትናንት ያለ እንከን ይሠራ የነበረው ገጽ፣ አዲሱን እትም ለመጫን አንድ ቁልፍ ከተነካ በኋላ ባዶ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ደግሞ የአማርኛው ጽሑፍ በሙሉ ትርጉም በሌላቸው ባዕድ ምልክቶች ተተክቶ ይታያል። ብዙዎች ይህን ከዕድል ወይም ከባለሙያው ድክመት ይቆጥሩታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ችግሩ ሊተነተን፣ በከፊልም በቀላል ስሌት ሊለካ የሚችል መሆኑን ነው። ምክንያቱ የታወቀ ችግር ደግሞ በሥርዓት ሊያዝ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

1. የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ገጽ ራሱን የቻለ ፋይል ነበር። አንድ የስልክ ቁጥር ለመለወጥ ፋይሉን ከፍቶ ማረም፣ ከዚያም ወደ ሰርቨር መልሶ መላክ ያስፈልግ ነበር። የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይህን ድካም ያስቀረው ጽሑፉን ከቅርጹ በመለየት ነው። ጽሑፉ በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ አንባቢ ገጹን በጠየቀ ቁጥር ሶፍትዌሩ ጽሑፉን ከቋቱ አውጥቶ፣ ከገጹ ቅርጽ ጋር አዋሕዶ፣ በዚያው ቅጽበት ገጽ ሠርቶ ያቀርባል።

በዚህ ዘርፍ በሰፊው የሚታወቁት ሦስት ሶፍትዌሮች በተቀራራቢ ዘመን የተወለዱ ናቸው። ድሩፓል በቤልጂየማዊው ድሪስ ቦይታርት ተጀምሮ በ2001 ለሕዝብ ቀረበ። ወርድፕሬስ በ2003 በማት ሙለንወግና በማይክ ሊትል ተጀመረ። ጁምላ ደግሞ በ2005 ማምቦ ከተባለ ቀደምት ሶፍትዌር ተገንጥሎ ወጣ፤ ስሙ «ሁሉም በአንድነት» የሚል ትርጉም ካለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ እኛም «ጅምላ» ስንል የምንጠቀምበት ቃል የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ሦስቱም የተጻፉት ራስመስ ሌርዶርፍ በ1995 ለሕዝብ ባቀረበው ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሦስቱም ቢሆኑ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት ነው።

ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ አንድ ዕቃ አይደለም፤ ቢያንስ አምስት ንብርብሮች ያሉት ሥርዓት ነው። ከታች የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በላዩ የመረጃ ቋቱ፣ ቀጥሎ የፕሮግራም ቋንቋው፣ ከዚያ ዋናው ሶፍትዌር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከልዩ ልዩ ምንጮች የተሰበሰቡ ተቀጽላዎችና የገጽታ ቅንብሮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ንብርብር የየራሱ ሠሪዎችና የየራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ከሠሪዎቹ መካከል አንዱም የእኛን ድረ ገጽ አያውቀውም።

2. ሳያሻሽሉ መኖር አይቻልምን?

ማሻሻል የሚያስቸግር ከሆነ መተው ይቀላል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የሚሰጠን በ2014 በድሩፓል ላይ የደረሰው ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 2014 የድሩፓል የጸጥታ ቡድን በድሩፓል 7 ውስጥ ከባድ ቀዳዳ መገኘቱን አስታውቆ ማረሚያውን አብሮ አወጣ። ቀዳዳው የማያውቁት ሰው ያለ ምንም የይለፍ ቃል ለመረጃ ቋቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ የሚያስችል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቡድን ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ማረሚያው ከወጣ በሰባት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልታረመ ድረ ገጽ ሁሉ እንደተደፈረ ተቆጥሮ እርምጃ እንዲወሰድበት አሳሰበ።

ሰባት ሰዓት ማለት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ማረሚያው መውጣቱ ራሱ ቀዳዳው የት እንዳለ ለአጥቂዎች ይጠቁማል፤ አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ማነጻጸር ብቻ ይበቃቸዋልና። በመሆኑም ያልተሻሻለ ሶፍትዌር ባለበት የቆመ ይመስላል እንጂ አደጋው ቀን በቀን እያደገ ይሄዳል። ከዚህም በተጨማሪ ሠሪዎቹ ለአንድ እትም የሚሰጡት ድጋፍ ቀነ ገደብ አለው። በጃንዋሪ 2011 የወጣው ድሩፓል 7፣ ቀነ ገደቡ ከተራዘመ በኋላም ቢሆን በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ድጋፉ አብቅቷል።

እንግዲህ ምርጫው በማሻሻልና ባለማሻሻል መካከል አይደለም። ምርጫው በትንሽ በትንሹ በመክፈልና ዕዳውን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ በመክፈል መካከል ነው።

3. የመጀመሪያው ችግር፦ የክፍሎች መተሳሰር

አንድ ድረ ገጽ 25 ክፍሎች፣ ማለትም ዋናው ሶፍትዌር፣ ገጽታውና 23 ተቀጽላዎች አሉት እንበል። ለትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። የፎቶግራፍ ማሳያ፣ የፍለጋ ሣጥን፣ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የሁለት ቋንቋ መቀያየሪያ ብቻ ቢቆጠሩ ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል።

እያንዳንዱ ክፍል አዲሱን እትም ያለ ችግር የመቀበል ዕድሉ 97 በመቶ ነው ብለን ለስሌት ያህል እንውሰድ። ለአንድ ክፍል ይህ በጣም ጥሩ ዕድል ነው። ነገር ግን ድረ ገጹ በሙሉ ያለ እንከን እንዲሠራ 25ቱም መሳካት አለባቸው። ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ጥገኛ አይደሉም ብለን ብንወስድ፣ 0.97 በራሱ 25 ጊዜ ሲባዛ 0.47 ገደማ ይሆናል። የእያንዳንዱ ክፍል ዕድል እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ፣ የጠቅላላው የመሳካት ዕድል ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ተቀጽላዎቹን ወደ 8 ብንቀንስና ክፍሎቹ 10 ብቻ ቢሆኑ ግን ያው ስሌት 0.74 ይሰጠናል። አላስፈላጊ ተቀጽላን ማስወገድ እንግዲህ ለንጽሕና ብቻ የሚደረግ ሳይሆን በቁጥር የሚታይ ጥቅም ያለው እርምጃ ነው።

በእውነቱ ዓለም ደግሞ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ሁለት ተቀጽላዎች ለየብቻቸው በትክክል ሲሠሩ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ሊጋጩ ይችላሉ። 25 ክፍሎች በሁለት በሁለት ሲጣመሩ 25 ሲባዛ በ24፣ ሲካፈል ለ2፣ ማለትም 300 ጥንዶች ይሆናሉ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ያሻሻለ ሰው በማግስቱ የሚጠብቀው 300 ተጠርጣሪ ጥንድ ነው። አንዱን ብቻ ያሻሻለ ሰው ግን ችግር ቢገጥመው ተጠርጣሪው በእጁ ነው፤ የቀረው ያ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ 24 ጋር ያለውን ግንኙነት መመርመር ብቻ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ብሂላችን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ችግሩ ከአንድ ተቀጽላ ብቻ የመጣ ከሆነ ደግሞ ለሁለት የመክፈል ዘዴ ብዙ ድካም ያቀልላል። ከተቀጽላዎቹ ግማሹን ማሰናከል፤ ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከተሰናከሉት መካከል ነው፤ ካልጠፋ ከቀሩት መካከል ነው። እንዲህ እያሉ በግማሽ በግማሽ ሲቀንሱ ከ23 ተቀጽላዎች መካከል ጥፋተኛውን ለማግኘት ቢበዛ 5 ሙከራ ይበቃል። አንድ በአንድ እየፈተሹ ቢሄዱ ግን እስከ 22 ሙከራ ሊፈጅ ይችላል።

4. ሁለተኛው ችግር፦ የተዘጋው በር

አንዳንድ ጊዜ ማሻሻል የማይቻል የሚመስልበት ሁኔታ ይፈጠራል። አዲሱ ሶፍትዌር በአሮጌው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ አይሠራም፤ አሮጌው ሶፍትዌር ደግሞ በአዲሱ ቋንቋ ላይ አይሠራም። የትኛውን አስቀድመን እናሻሽል? ከሁለቱ አንዱን ስንነካ ድረ ገጹ ይወድቃል።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንመልከት። በዲሴምበር 2015 የወጣው ፒኤችፒ 7፣ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ከማይኤስኪውኤል ጋር የሚነጋገሩባቸውን አሮጌ ትእዛዞች ሙሉ በሙሉ አስወገደ። ወርድፕሬስ አዲሱን የመነጋገሪያ ስልት መጠቀም የጀመረው በ2014 በወጣው እትም 3.9 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረ ወርድፕሬስ በፒኤችፒ 7 ላይ ሊነሣ አይችልም። በሌላ በኩል በሜይ 2019 የወጣው ወርድፕሬስ 5.2 ፒኤችፒ 5.6.20ን፣ በ2024 የወጣው 6.6 ደግሞ ፒኤችፒ 7.2.24ን ዝቅተኛ መስፈርት አድርገዋል። በ2010 ተሠርቶ በፒኤችፒ 5.2 ላይ የተተወ ድረ ገጽ ያለው ሰው ከሁለቱም አቅጣጫ በሩ የተዘጋበት ይመስለዋል።

ወንዝ የምንሻገረው ግን በአንድ ዝላይ አይደለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጥን ነው። በኖቬምበር 2017 የወጣው ወርድፕሬስ 4.9 ከፒኤችፒ 5.2.4 ጀምሮ እስከ 7.2 ድረስ ይሠራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በአሮጌው ፒኤችፒ ላይ ሆነን ሶፍትዌሩን ወደ 4.9 እናደርሳለን። ሁለተኛ፣ ሶፍትዌሩን ሳንነካ ፒኤችፒን ወደ 7.2 እናሳድጋለን። ሦስተኛ፣ አሁን ሶፍትዌሩን ወደ ዘመኑ እትም እንወስዳለን፤ ከዚያም እንደገና ፒኤችፒን እናስከትላለን። ዋናው ቁም ነገር ከሁለቱም ዳርቻዎች ጋር የሚስማማውን መሸጋገሪያ እትም ፈልጎ ማግኘት ነው። በየእርከኑ ማረፍና ሁሉም በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

መሸጋገሪያ ድንጋይ የማይገኝበት ጊዜም አለ። ድሩፓል 8 በኖቬምበር 2015 ሲወጣ ውስጣዊ አሠራሩ ከሥር ጀምሮ ስለተለወጠ፣ ድሩፓል 7ን ባለበት ማሻሻል አልተቻለም። አዲስ ድረ ገጽ መሥራትና ይዘቱን ወደዚያ ማጓጓዝ ግድ ሆነ። የጁምላ 1.5 ተጠቃሚዎችም እትም 1.6 በ2011 ሲወጣ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሥራው ትክክለኛ ስም ማሻሻል ሳይሆን ስደት ነው፤ በጀቱም ጊዜውም በዚያው ልክ መታቀድ ይኖርበታል።

5. ሦስተኛው ችግር፦ የፊደላችን ዕጣ

እስካሁን የተነሡት ችግሮች በማንኛውም አገር ያለን ድረ ገጽ የሚነኩ ናቸው። ቀጥሎ የምናየው ግን በላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፉ ሰዎች እምብዛም የማያውቁት፣ በአማርኛ ለምንጽፍ ግን የዓመታት ድካም ሊያሳጣን የሚችል ነው። ስለዚህ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እናየዋለን።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከቁጥር 4608 እስከ 4991 ያለው ቦታ ተሰጥቶታል። ለምሳሌ «ሰ» 4656 ነው። ኮምፒዩተር ይህን ቁጥር ሲያስቀምጥ ዩቲኤፍ 8 በተባለው ስልት በሦስት ባይት ይጽፈዋል፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። አከፋፈሉ ቀላል ነው። ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4096 እንቀንሳለን፤ ቀሪውን ለ64 እናካፍላለን። የመጀመሪያው ባይት ለእነዚህ ፊደላት ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ባይት 128 ሲደመር የክፍያው ድርሻ፣ ሦስተኛው 128 ሲደመር ትርፉ ነው። ለ«ሰ» 4656 ሲቀነስ 4096፣ 560 ይሆናል፤ 560 ለ64 ሲካፈል ድርሻው 8፣ ትርፉ 48 ነው። ስለዚህ «ሰ» ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው።

አሁን ወደ መረጃ ቋቱ እንመለስ። ማይኤስኪውኤል ከ2004 ጀምሮ፣ ከእትም 4.1 አንሥቶ፣ በእያንዳንዱ የጽሑፍ ዓምድ ላይ የፊደል ዓይነት መለያ ይለጥፋል። ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚለጥፈው መለያ ላቲን 1 የተባለው፣ የፊደል ቅደም ተከተሉም የስዊድን የሆነ ነበር፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በስዊድን ነውና። ይህ ልማድ የተለወጠው በ2018 በወጣው እትም 8.0 ነው። ላቲን 1 እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የአውሮፓ ፊደል ይቆጥራል። ድረ ገጹ «ሰ»ን ሲልክ ቋቱ የሚያየው ሦስት የአውሮፓ ምልክቶችን ነው፤ ያስቀምጣቸዋል። ድረ ገጹ መልሶ ሲጠይቅም እነዚያኑ ሦስት ባይቶች ሳይለውጥ ይመልሳል፤ አንባቢው «ሰ»ን ያያል። በመለያው ላይ የተጻፈው ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ሲገባና ሲወጣ ስሕተቱ እኩል ስለሆነ ይጣፋል። የአማርኛ ጽሑፋችን የስዊድን ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ያለ ችግር ሊቀመጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሻሻያው ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል። ለምሳሌ በሜይ 2007 የወጣው ወርድፕሬስ 2.2 ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚነጋገርበትን የፊደል ዓይነት በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ መወሰን ጀመረ። በአሮጌው ቋት ላይ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን አዲስ መስመር የጨመረ ሰው፣ ቋቱ ሦስቱን «የአውሮፓ ፊደላት» በቅንነት ወደ ዩቲኤፍ 8 ተርጉሞ ይልክለታል። በአንድ ፊደል ፈንታ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይታያሉ። ገጹ ሁሉ በዚያው፣ ቁጥሩ 225 በሆነው ባለ ጭረት የላቲን «ኣ» ይሞላል።

እዚህ ላይ አንባቢ በሚገባ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እስከዚህ ድረስ አንዲትም ፊደል አልጠፋችም። ባይቶቹ በቦታቸው ናቸው፤ የተበላሸው ንባቡ ነው። የጨመርነውን መስመር ማንሣት ብቻ ገጹን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። እውነተኛው ጥፋት የሚመጣው በድንጋጤ ከሚወሰደው ቀጣይ እርምጃ ነው፤ ማለትም ጽሑፉን በአንድ የመቀየሪያ መሣሪያ አሳልፎ «ለማስተካከል» ሲሞከር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዊንዶውስ የተለመደው የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ሠንጠረዥ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉት፤ እነርሱም 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ናቸው። ማይኤስኪውኤል ራሱ እነዚህን ባዶ ቦታዎች እንዳሉ ያሳልፋቸዋል። ጥብቅ የሆነ ሌላ መሣሪያ ግን ባዶ ቦታ ሲገጥመው በጥያቄ ምልክት ይተካዋል ወይም ይጥለዋል። የትኞቹ ፊደሎቻችን በእነዚህ ቦታዎች ላይ ያርፋሉ? ከላይ ባየነው ስልት ብናሰላ፣ በአማርኛ እጅግ ከሚደጋገሙት መካከል «ል»፣ «ም»፣ «ነ»፣ «ኝ»፣ «ው»፣ «ዝ» እና «ግ» ሦስተኛ ባይታቸው ከአምስቱ አንዱ ነው። የ«ፀ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ቤተሰቦች በሙሉ፣ እንዲሁም ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ፣ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው።

የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አዘውትሮ የሚያልቅበትን «ነው።» ብንመረምር፦ «ነ» 225፣ 138፣ 144 ነው፤ «ው» 225፣ 139፣ 141 ነው፤ አራት ነጥቡ 225፣ 141፣ 162 ነው። ሦስቱም ይጎዳሉ። የአውሮፓ ቋንቋ ተናጋሪ ባለሙያ የሠራው ፈተና ይህን ጉዳት ላያሳይ ይችላል፤ እኛ ግን ዐረፍተ ነገር በጨረስን ቁጥር እንከፍላለን።

የጠፋውን መልሶ ማግኘት ይቻላልን? በከፊል። መካከለኛው ባይት የጠፋ እንደሆነ፣ ከአምስቱ ባዶ ቦታዎች መካከል በዚህ የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው 141 ብቻ ስለሆነ በአመክንዮ ሊተካ ይችላል። አራት ነጥቡና የ«ፈ» ቤተሰብ በዚህ መንገድ ይድናሉ። የመጨረሻው ባይት ከጠፋ ግን አምስት አማራጮች ይኖራሉ። 225 እና 136 ብቻ ከቀሩ ፊደሉ «ሁ»፣ «ል»፣ «ሏ»፣ «ሐ» ወይም «ም» ሊሆን ይችላል። «ስም» ወይስ «ስል»? ሰው ከዐውዱ ይገምታል፤ ማሽኑ ግን መረጃው የለውም። በፊዚክስ እንደምንለው ሂደቱ ተገላባጭ አይደለም። ለዓመታት የተሰበሰበ የሴሚናር ጽሑፍ ማጠቃለያ በዚህ መንገድ በጥያቄ ምልክቶች ተበሳስቶ ሲቀር አይተናል። ጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ በሕይወት የሉም።

ትክክለኛው መፍትሔ ባይቶቹን ሳይነኩ መለያውን ብቻ መለወጥ ነው። የጽሑፉን ዓምድ በመጀመሪያ ምንም የፊደል ዓይነት ወደሌለው ጥሬ የባይት ዓምድ መቀየር፣ ከዚያም ያንኑ ዓምድ ዩቲኤፍ 8 ነው ብሎ መሰየም ያስፈልጋል። ጥሬ ባይት መለያ ስለሌለው ቋቱ የሚተረጉመው ነገር አያገኝም፤ ስለዚህ አይነካውም።

የፊደሉ ጉዳይ በዚህ አላበቃም። በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላትን ከቁጥር 124896 ጀምሮ አስገብቷል። ከ65535 በላይ የሆነ ቁጥር በዩቲኤፍ 8 አራት ባይት ይፈልጋል። የማይኤስኪውኤል አሮጌው የዩቲኤፍ 8 ዓይነት ግን ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። ወርድፕሬስ ባለ አራት ባይቱን ዓይነት መጠቀም የጀመረው በ2015 በወጣው እትም 4.2 ነው። ስለዚህ ያልተሻሻለ ድረ ገጽ አንዳንድ የአገራችንን ቋንቋዎች በሙሉ ፊደላቸው መጻፍ አይችልም። ማሻሻል አደጋ እንዳለው ሁሉ አለማሻሻልም ሰውን ከቋንቋው የሚያጎድልበት ጊዜ አለ።

6. የላቦራቶሪ ሥርዓት

ሙከራ የሠራ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ደንቦች ለዚህ ሥራም ይበቃሉ።

ሀ) ያለውን መመዝገብ። የእያንዳንዱ ንብርብርና ተቀጽላ እትም ቁጥር፣ ማን እንደጫነውና ለምን እንደተጫነ ይጻፍ። ድረ ገጹን የሠራው ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን ይቀራል። በዋናው ሶፍትዌር ኮድ ላይ በእጅ የተደረገ ለውጥ ካለ ለብቻው ይመዝገብ፤ አዲሱ እትም ያለ ማስጠንቀቂያ ይደመስሰዋልና።

ለ) መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና መፈተሽ። የመረጃ ቋቱም፣ የተጫኑ ፋይሎችና ፎቶግራፎችም ይቀዱ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከሆነ ግማሽ ድረ ገጽ ነው። ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ፤ ተከፍቶ ሲሠራ ያልታየ ቅጂም እንደ ቅጂ አይቆጠር።

ሐ) በግልባጭ ላይ መለማመድ። ማሻሻያው በመጀመሪያ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ባለ ግልባጭ ይሞከር። የወሰደው ጊዜም ይለካ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በመካከል ቢቋረጥ ግማሹ የተቀየረ፣ ግማሹ ያልተቀየረ ቋት ስለሚፈጠር በዋናው ሰርቨር ላይ የሚሠራበት ሰዓት በዚሁ መጠን ይመረጥ።

መ) በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ቋንቋውንና ሶፍትዌሩን፣ ሶፍትዌሩንና ገጽታውን በአንድ ቀን አለመቀላቀል።

ሠ) የማይለወጡ መጠኖችን መቁጠር። በፊዚክስ የኃይል ጥበቃ ሕግ ስሌታችንን እንደሚፈትሽልን ሁሉ፣ እዚህም ከማሻሻያው በፊትና በኋላ እኩል መሆን ያለባቸው ቁጥሮች አሉ። እነርሱም የጽሑፎች ብዛት፣ የፋይሎች ብዛት፣ በቋቱ ውስጥ ያሉ አራት ነጥቦችና የ«ም» ፊደል ብዛት ናቸው። ቁጥሩ ከቀነሰ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል። ይህ ፈተና ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ በዓይን ሲታይ የሚያመልጠንን ጉዳት ይይዛል።

ረ) አድራሻዎችን መጠበቅ። የድረ ገጽ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ የገጽ አድራሻ መለወጥ እንደማይገባው ገና በ1998 አስረድቷል። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰ አድራሻ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ሊታረም አይችልም። አዲሱ ሶፍትዌር አዲስ አድራሻ የሚሰጥ ከሆነ አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲመራ ይደረግ።

7. ሁሉም ነገር መሻሻል አለበትን?

የተጠናቀቀ ዐውደ ጥናት ድረ ገጽ፣ የተዘጋ ፕሮጀክት ዘገባ፣ የአሥር ዓመት በፊት የሴሚናር መርሐ ግብር ከእንግዲህ አይለወጥም። የማይለወጥ ይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። እንዲህ ያሉ ገጾች ተሰርተው የተጠናቀቁ ቋሚ ፋይሎች ሆነው ቢቀመጡ የሚሻሻል ፕሮግራምም፣ የሚደፈር የመረጃ ቋትም አይኖርም።

ለዚህ አስረጂ የሚሆነን ከሙያችን አካባቢ ነው። ድረ ገጽ የተወለደው በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው፤ በርነርስ ሊ በ1989 ሐሳቡን ያቀረበው የፊዚክስ ተመራማሪዎች ሰነድ እንዲለዋወጡበት ነበር። ሰርን በ2013 የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የ1992 ግልባጭ በቀድሞ አድራሻው መልሶ አቆመ። ያ ገጽ በዛሬ መቃኛዎች ያለ ችግር ይከፈታል፤ ከቀላል ፋይል ሌላ ጥገኝነት የለበትምና።

መልመጃ

አንባቢያን የሚከተለውን ራሳቸው ይሞክሩ። ከተበላሸ ገጽ ላይ 225፣ 136፣ 139 የሚሉ ሦስት ባይቶች ተገኙ። ፊደሉ የትኛው ነው? ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ላይ 128 ብንቀንስ 8 እና 11 እናገኛለን። 4096 ሲደመር 8 ጊዜ 64፣ ሲደመር 11፣ 4619 ይሆናል። የ«ለ» ቤተሰብ ከ4616 ስለሚጀምር 4619 አራተኛው ፊደል፣ ማለትም «ላ» ነው። ቀጥለው የስማቸውን ፊደላት አስልተው ከአምስቱ ባዶ ቦታዎች ላይ የሚያርፍ መኖሩን ይመርምሩ።

ማጠቃለያ

የማሻሻያ ብስጭት ሦስት ምንጮች እንዳሉት አይተናል፤ የክፍሎች መተሳሰር፣ የእትሞች አለመገጣጠምና የመረጃው ንባብ መለወጥ። ሦስቱም በችኮላ ይከፋሉ፤ በትንሽ በትንሹና በተመዘገበ አሠራር ይቀላሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ዛሬ በጥድፊያ የሚጫን ተቀጽላ ነገ የሚፈታ መቀነት ነው። ሶፍትዌሩ አምስት ወይም ዐሥር ዓመት አገልግሎ ይተካል። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ለመሥራት ጊዜ ያለው ባልደረባ ካለ፣ የማሻሻያውን ቁልፍ ትቶ የመጠባበቂያ ቅጂውን ይክፈትና በውስጡ ያሉትን አራት ነጥቦች ይቁጠር።